ስፓኒሽ ለመልመድ የትኛው አፕ? ጉጉቷ ትቀሰቅሳለች እንጂ አታናግርም

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ በሬስቶራንት ወጥ ቤት፣ በሆቴል ጽዳት ወይም በግንባታ ሥራ ላይ ያለ ኢትዮጵያዊ እንግሊዝኛውን እንደ ምንም ከያዘ በኋላ ሌላ ቋንቋ ይጠብቀዋል። በአሜሪካ ከ40 ሚሊዮን በላይ ሰው በቤቱ የሚናገረው ስፓኒሽ ነው። ወጥ ቤት ውስጥ የጋለ መጥበሻ ይዞ ከኋላ የሚያልፍ ባልደረባ «ካሊየንቴ!» ብሎ ሲጮህ «ትኩስ ነው፣ ዞር በል» ማለቱ መሆኑን ያላወቀ ሰው ሊቃጠል ይችላል። ፈረቃ ሲቀያየር፣ የተሻለ ሥራ መኖሩ ሲወራ፣ ወሬው በስፓኒሽ ከሆነ ያልገባው ሰው ዕድሉ ያልፈዋል።

ታዲያ ብዙው ሰው ስልኩን አውጥቶ መጀመሪያ ያገኘውን አፕ ያወርዳል። አብዛኛውን ጊዜ ያ አፕ ዱኦሊንጎ ነው። የጓቲማላ ተወላጁ ሉዊስ ፎን አን ከሴቨሪን ሀከር ጋር የመሠረተውና እ.ኤ.አ. በ2012 ለሕዝብ የተከፈተው ይህ አፕ የቋንቋ ትምህርትን ለሚሊዮኖች በነጻ አድርሷል። ይህ የሚካድ አይደለም። ነገር ግን ኩባንያው ከ2021 ጀምሮ አክሲዮኑ በናስዳክ ገበያ ይሸጣል፤ ገቢውም በዋናነት ከተጠቃሚዎች ክፍያ፣ በተጨማሪም ከማስታወቂያ ይመጣል። ስለዚህ ተጠቃሚው በየቀኑ አፑን መክፈቱ ለኩባንያው ትልቅ ነገር ነው። ያ ሰው ሥራ ቦታው ላይ አፉን መፍታቱን ግን ኩባንያው የሚያይበት መንገድ የለውም። አረንጓዴዋ ጉጉት ማታ ማታ «ዛሬ አልተማርክም» እያለች የምትቀሰቅሰው፣ የተከታታይ ቀናት ቁጥሩም እንደ ሽልማት የሚታየው ለዚህ ነው። 300 ተከታታይ ቀን የሞላ ሰው የቀጠለው 300 ቀን መክፈትን ነው፤ መናገርን ላይሆን ይችላል።

ስሌቱም ይህንኑ ይናገራል። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዲፕሎማቶቹን የሚያሠለጥንበት ተቋም፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ስፓኒሽን ለሥራ በሚያበቃ ደረጃ ለመያዝ ከ600 እስከ 750 የክፍል ሰዓት ያስፈልገዋል ይላል። በቀን 10 ደቂቃ ስልክ የሚነካካ ሰው 600 ሰዓት ለመሙላት 3,600 ቀን ይፈጅበታል፤ አሥር ዓመት ገደማ ማለት ነው። እርግጥ ነው፣ የወጥ ቤት ወሬ የዲፕሎማት ቋንቋ አይጠይቅም። ቢሆንም ሁለት ፈረቃ ለሚሠራ ሰው ጊዜው ጥቂት ስለሆነ፣ ያቺ 10 ደቂቃ በምን እንደምታልፍ መጠየቅ ግድ ይላል።

እዚህ ላይ አንድ ጥናት ማንሳት ይጠቅማል። ጄፍሪ ካርፒክና ሄንሪ ሮዲገር እ.ኤ.አ. በ2008 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ የአሜሪካ ኮሌጅ ተማሪዎች 40 የስዋሂሊ ቃላትን ከእንግሊዝኛ ፍቺያቸው ጋር አጠኑ። አንድን ቃል ካወቁ በኋላም ፍቺውን ከራሳቸው አውጥተው እንዲመልሱ ደጋግመው የተጠየቁት ከሳምንት በኋላ 80 በመቶ ያህሉን አስታወሱ። ጥያቄው ቀርቶ ማየት ብቻ የቀጠሉት ግን ያስታወሱት ሲሶ ያህሉን ነው። ቃል የሚጸናው ደጋግሞ በማየት ሳይሆን ከጭንቅላት ጎትቶ በማውጣት ነው ማለት ነው።

አፕ መምረጫው ሚዛንም ይኸው ነው። ከአራት አማራጭ አንዱን መንካትና የተበታተኑ ቃላትን መደርደር መልሱ ዓይን ፊት ተቀምጦ መለየት ብቻ ነው። «አንኪ» የተባለው የካርድ ፕሮግራም ግን ቃሉን ካሳየ በኋላ መልሱን ደብቆ ይጠብቃል፤ በኮምፒውተርና በአንድሮይድ ስልክ በነጻ ይገኛል፣ በአይፎን ግን ይከፈልበታል። «ላንጉጅ ትራንስፈር» በድምፅ ብቻ የተዘጋጀ ነጻ ኮርስ ሲሆን ተማሪው ዓረፍተ ነገሩን ራሱ ሠርቶ እንዲናገር ፋታ ይሰጠዋል። «ፒምስለር»ም በተመሳሳይ መንገድ ያናግራል፤ ክፍያ ግን አለው። ሁለቱ የድምፅ ኮርሶች አውቶቡስ ላይ ወይም መኪና እየነዱ ይሰማሉ።

ለአማርኛ ተናጋሪ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ከእነዚህ አብዛኞቹ አማርኛ ተናጋሪውን ስፓኒሽ የሚያስተምሩት በእንግሊዝኛ በኩል ነው። የእንግሊዝኛ ተናጋሪን የሚያስቸግረውን ነገር አስረዝመው ሲያብራሩ አማርኛ ተናጋሪው ከቤቱ ይዞት የመጣው ነው። እንግሊዝኛ ትንሹንም ትልቁንም በአንድ ቃል ሲጠራ፣ ስፓኒሽ «ቱ» እና «ኡስቴድ» ይላል፤ አንተ እና እርስዎ እንደማለት። «አብሎ» አንድ ቃል ሆኖ «እናገራለሁ» ማለት ነው፤ ተናጋሪው ማን እንደሆነ ግሱ ራሱ ይናገራል። «ዳሜ» ማለት «ስጠኝ» ነው፤ «ዳ» ስጥ፣ «ሜ» ደግሞ «ኝ» መሆኑ ነው። «ማኛና» (ነገ) ውስጥ ያለው «ኛ»ም ለአበሻ ምላስ አዲስ አይደለም። በአንጻሩ ጠረጴዛ ሁልጊዜ ሴት፣ መጽሐፍ ሁልጊዜ ወንድ መሆናቸው፣ እንዲሁም በአማርኛ «ነው» የሚባለው «ኤስ» እና «ኤስታ» ተብሎ ለሁለት መከፈሉ ያደናግረዋል። ስለዚህ የሚያውቀውን ትምህርት የሚያዘልልና በሚቸግረው ላይ የሚያቆይ፣ የራስን ካርድ በአማርኛ ለመሥራት የሚፈቅድ ፕሮግራም ለእሱ ይበልጥ ይጠቅማል።

«ጉጉቷ ባትኖር ጨርሶ አልማርም ነበር» የሚል ሰው አይጠፋም። እውነቱን ነው፤ የማይከፈት አፕ ምንም ያህል ቢደነቅ ዋጋ የለውም፣ ልማድም አንድ ቦታ መጀመር አለበት። ጨዋታው ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፊደሉን፣ ድምፁንና የመጀመሪያዎቹን ቃላት ለማስያዝ ይበቃል። ችግሩ የሚመጣው ማስጀመሪያው ማድረሻ መስሎ ሲታይና የዓመት ክፍያ ሲከተል ነው።

ገንዘብ ከመክፈል በፊት በነጻው ወይም በሙከራው አንድ ሳምንት መቆየት፣ ከዚያ ስልኩን ኪስ ከትቶ ያለ ምንም እገዛ አምስት ዓረፍተ ነገር ጮክ ብሎ መናገር ይበቃል። አምስቱ ከወጡ አፑ ሥራውን እየሠራ ነው። ካልወጡ ቁጥሩ የፈለገውን ያህል ቢያድግ ሌላ መፈለግ ይሻላል። አንድ አስተማሪ ደግሞ በየፈረቃው በነጻ አጠገብ ይቆማል፤ ከሆንዱራስ ወይም ከኤል ሳልቫዶር የመጣው የሥራ ባልደረባ። እሱን «ብዌኖስ ዲያስ» ለማለት የዓመት ክፍያ አያስፈልግም።