የቤታችሁን ቀለም ከመምረጣችሁ በፊት

ክረምቱ ወጥቶ ፀሐይ ስትታይ በየቤቱ አንድ ወሬ ይነሣል፤ «ግድግዳው ቆሽሿል፣ ዘንድሮስ ይቀባ» የሚል። ለእንቁጣጣሽ ያልደረሰው ለገና ይባላል፤ ለገናም ያልደረሰው ለልጅ ሠርግ ይቆያል። ገንዘቡም ከዕቁብ ይወጣል ወይም ከወር አስቤዛ ላይ ይቆነጠራል። ስለዚህ ዛሬ በዓምዳችን ስለ ቀለም እንነጋገር። ከራሴ ስሕተት ልጀምርላችሁ።

በ2009 ዓ.ም. ቤታችንን ስናስቀባ ምርጫው የእኔ ነበር። አንድ ወዳጃችን ቤት ያየሁት ክሬም ቀለም ልቤን ወስዶት ስለ ነበር ግድግዳውን ክሬም፣ በሮቹንም ክሬም አስቀባሁ፤ ወለሉ ቀድሞም ክሬም ሴራሚክ ነበረ። ሁሉም የሚያብረቀርቅ የዘይት ቀለም ነው። ባለቤቴ «በሩ እንኳ ትንሽ ጠቆር ቢል አይሻልም?» ብሎኝ ነበር፤ አልሰማሁትም። ቤቱ ሲያልቅ እውነትም ሰፊና ንጹሕ መሰለ፤ የመጣ ሁሉ አመሰገነ።

በዚያው ሰሞን አማቴ ከሆሳዕና መጥተው ከእኛ ጋር መኖር ጀመሩ። በሦስተኛው ሳምንት ከሳሎን ወደ ኩሽና በሚያወርደው አንዲት ደረጃ ላይ ወደቁና የእጃቸው አንጓ ተሰበረ። «እማማ፣ ምን ሆኑ? አላዩትም እንዴ?» ስላቸው፣ «ልጄ፣ ይህ ቤት ሁሉም አንድ ሆነብኝ እኮ። በሩንም በእጄ እየዳበስኩ ነው የማገኘው» አሉኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ በሩን እየዳበሱ ሲሄዱ አንዳችንም አላስተዋልንም። በኋላ ሲመረመሩ በሁለቱም ዓይኖቻቸው ላይ ሞራ ተገኘ። ቤተ ዘመዱ ሁሉ «እንግዲህ ዓይናቸው ነው» ብሎ ተጽናና። እኔ ግን ደረጃውን ማን እንደ ሰወረባቸው ዐውቃለሁ።

የዓይን ሞራ ያለበት ሰው ተቀራራቢ ቀለሞችን መለየት ይቸግረዋል፤ የሚያብረቀርቅ ነገር ደግሞ ብርሃኑን እየመለሰ ዓይኑን ይወጋዋል። እኔ ሁለቱንም አንድ ላይ አዘጋጅቼላቸው ነበር። እጃቸው በጄሶ እንዳለ የበሮቹን ክፈፍ ጥቁር ቡና ቀለም አስቀባን፤ በደረጃዋም ጫፍ ላይ ሦስት ጣት የሚያህል ጠቆር ያለ መስመር አሰመርን። ከአንድ ጋሎን ቀለም እንኳ ግማሹ ተረፈ። ከዚያ በኋላ ግድግዳ መዳበስ ተዉ።

ስለዚህ ቀለም ስትመርጡ መጀመሪያ «ምን ያምራል?» ሳይሆን «በዚህ ቤት ማን ይኖራል?» ብላችሁ ጠይቁ። ሽማግሌ ካለ የበር ክፈፍ፣ የደረጃ ጫፍና የመብራት ማብሪያ ከግድግዳው ተለይተው ይታዩ። መለየቱን ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ፦ በስልካችሁ ፎቶ አንሡና ፎቶውን ወደ ጥቁርና ነጭ ለውጡት። በሩና ግድግዳው አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው ከታዩ፣ ለደካማ ዓይንም አንድ ናቸው ማለት ነው።

ሁለተኛው ነገር ብርሃን ነው። ከሱቅ በትንሽ ወረቀት ላይ ዐይታችሁ የወደዳችሁት ቀለም ግድግዳ ሙሉ ሲሆን ጠንክሮ ይታያል፤ ቢጫ በተለይ ይጮኻል። ስለዚህ ትንሿን ጣሳ ብቻ ገዝታችሁ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሚያህል ቦታ ሁለት ጊዜ ቀቡና ሁለት ቀን ተዉት፤ ጠዋት፣ ቀትር ላይና ማታ መብራት በርቶ እዩት። መስኮቱ ወደ ምሥራቅ የሆነ ክፍል ጠዋት ደምቆ ከሰዓት ይቀዘቅዛል፤ ወደ ምዕራብ ከሆነ ደግሞ ማምሻውን ፀሐይዋ ቀይና ብርቱካን ቀለሞችን ታግላቸዋለች። አምፖሉንም አትርሱ። በነጩ አምፖል ሥር ክሬም የታመመ ይመስላል፤ ቢጫ ብርሃን በሚሰጠው ግን ይሞቃል። ብዙ ጊዜ «ቀለሙ አሳሳተኝ» የምንለው አምፖሉ ነው።

የቀለሙ ዓይነትም እንደ መልኩ ሊታሰብበት ይገባል። ለሳሎንና ለመኝታ ቤት የማያብረቀርቅ የውሃ ቀለም ይበቃል፤ የግድግዳን ጉድለትም ይደብቃል። የሚያብረቀርቅ ቀለም እያንዳንዷን እብጠት ያወጣል፤ ግን በጨርቅ ይወለወላል። ድሮ በትምህርት ቤቶችና በጤና ጣቢያዎች ግድግዳውን እስከ ወገብ በዘይት ቀለም፣ ከዚያ በላይ በውሃ ቀለም ይቀቡ ነበር። አሁን ያለፈበት ይመስለናል እንጂ ትንንሽ ልጆች ባሉበት ኮሪደር እንደ እርሱ ያለ አላገኘሁም፤ ጣታቸው የሚደርሰው እዚያው ድረስ ነዋ።

የጭቃ ቤት ያላችሁ ግን የዘይት ቀለምን ከግድግዳው አርቁ። የጭቃ ግድግዳ እርጥበት ያስገባል፣ ያስወጣልም፤ መውጫውን ስትደፍኑበት ቀለሙ ያብጥና እንደ ቅርፊት ይላጣል። ኖራ ለእርሱ ይስማማዋል፤ ዋጋውም ቀላል ነው። በሲሚንቶ አዲስ የተለሰነ ግድግዳም ቢሆን ቢያንስ አራት ሳምንት ይድረቅ። ለእንቁጣጣሽ መቀባት የለመድን ሰዎች እዚህ ላይ ነው የምንሳሳተው፤ ነሐሴን ሙሉ ውሃ የጠጣ ግድግዳ በጳጉሜን ቢቀባ እስከ ጥር አይቆይም። ጥቅምትና ኅዳር ይሻላሉ። ውሃ የሚያስገባ ጣሪያ ካለ ደግሞ ቀለሙ ይቆይና ቆርቆሮው ይቅደም።

አሁን ስለ አሮጌው ቀለም አንድ ነገር ላሳስባችሁ፤ ይህን በቀላሉ እንዳታልፉት። በድሮ የዘይት ቀለሞች፣ ይልቁንም በደማቅ ቢጫ፣ በብርቱካንና በቀይ ቀለሞች ውስጥ እርሳስ የተባለው ማዕድን (መጻፊያውን ማለቴ አይደለም) በብዛት ይገባ ነበር። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ደንብ በአንድ ኪሎ ቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከ90 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ወስኗል፤ ከዚያ በፊት የተቀባው በራችን ግን ደንቡን አያውቅም። እርሳስ የልጆችን አእምሮ ይጎዳል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ጉዳት የማያስከትል መጠን አልታወቀም ይላል። ስለዚህ አሮጌ በርና መስኮት በደረቁ አይፋቅ። በውሃ እያረጠባችሁ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ፤ ብናኙን በመጥረጊያ አታቡንኑት፣ በእርጥብ ጨርቅ ሰብስቡት። ልጆችና ነፍሰ ጡር እኅቶች ያን ቀን ዘመድ ቤት ይዋሉ። ቀለም ቀቢው «ምንም አይደለም፣ ስንት ዓመት ሠርቼበታለሁ» ቢላችሁ እንኳ በትሕትና እንቢ በሉት፤ ለእርሱም ለጤናው ነው።

ሒሳቡን በተመለከተ፣ አንድ ሊትር ቀለም በለሰለሰ ግድግዳ ላይ አንድ ጊዜ ሲቀባ ወደ 10 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። 4 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ፣ ቁመቱ 2.80 የሆነ ክፍል በርና መስኮቱ ሲቀነስ 41 ካሬ ያህል ግድግዳ አለው፤ ሁለት ጊዜ ሲቀባ 8 ሊትር ገደማ ይፈልጋል ማለት ነው። ቀለሙ ተቀላቅሎ የሚሠራ ከሆነ ሁሉንም በአንድ ቀን አስቀላቅሉ፤ በማግስቱ የሚቀላቀለው እኅቱ ይሆናል እንጂ እርሱ አይሆንም። ትንሽ በጠርሙስ አስቀሩና ስሙን ጽፋችሁ አስቀምጡ፤ ሶፋው ግድግዳውን የሚፍቅበት ቀን ይመጣል።

ከዚያ በኋላ ያለው ማሳመሪያ ብዙ ገንዘብ አይፈልግም። የላላ የበር እጀታ ማጥበቅ፣ ቀለም የነካውን የማብሪያ ክዳን መቀየር፣ የመጋረጃውን ዘንግ ከመስኮቱ ከፍ አድርጎ መስቀል (ክፍሉን ከፍ ያደርገዋል)፣ መስታወት ማጽዳት። ግድግዳችን ላይ የምንሰቅለውን ግን እንቀንስ ባይ ነኝ። የሠርግ ፎቶ፣ የምረቃ ፎቶ፣ የሦስት ዓመት የቤተ ክርስቲያን ቀን መቁጠሪያ፣ ሁለት የማይሠሩ ሰዓቶች... አዲሱ ቀለም በየት በኩል ይታይ? የዓመቱን አስቀርታችሁ ያለፉትን አውርዱ።

እኛም ዘንድሮ ለገና እንቀባለን። በዚህ ጊዜ በመጀመሪያ የጠየቅሁት እማማን ነው። የአንዱ ዓይናቸው ሞራ ተገፎ ደኅና ያያሉ፤ ሌላው ገና ነው። «የእንሰት ቅጠል ዓይነት አረንጓዴ፣ ከወንበሬ ጀርባ» አሉ። ባለቤቴ ዝም አለ፤ ዝምታው ምን ማለት እንደ ሆነ ዐውቃለሁ። ትንሿን ጣሳ ገዝቼ ከወንበራቸው ጀርባ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ቀባሁት። ጠዋት ላይ ያምራል፤ ማታ በአምፖሉ ሥር ግን ግራጫ ይመስላል። እሑድ ለጸሎት የመጡት የኅብረታችን ሰዎች ግማሾቹ ወደዱት፣ ግማሾቹ «ይህ ምንድን ነው?» አሉ። እማማ ወንበራቸውን ትንሽ ወደ ፊት ሳብ አድርገው ዞረው ዐዩትና «ትንሽ ቢጫ ይጨመርበት» አሉ። ነገ ጣሳዋን ይዤ ወደ ሱቁ እመለሳለሁ።