የንድፍ ፈቃድና የከተሞቻችን ጠጋኝ

በ1993 እ.ኤ.አ. የናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ ተብሎ የተመሠረተው የዛሬው የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርስቲ ለስምጥ ሸለቆ ከተሞች የቴክኒክ ዕውቀት ምንጭ ሆኖ ቆይቷል። እንግዲህ ከተማሪዎቹ አንዱ በመቂና በባቱ (ዝዋይ) ላለው የሽንኩርት ገበሬ የውሃ ፓምፕን በሰዓቱ የሚያጠፋ የኤሌክትሮኒክስ መቆጣጠሪያ ቢነድፍና ንድፉን ለሕዝብ ቢያሳይ፥ ንድፉ የሁሉ ይሆናልን?

አይሆንም። በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ንድፉ በወረቀት ከሰፈረበት ጊዜ ጀምሮ፥ ባይመዘገብም እንኳ፥ መብቱ የሠሪው ነው። የባለቤቱም ዝምታ እንደ ፈቃድ አይቆጠርም። ስለዚህ ንድፉን ክፍት ለማድረግ የሚሻ ሰው ፈቃዱን በጽሑፍ መግለጽ አለበት።

አንዳንድ ነዳፊዎች «ለግል መማሪያ ብቻ፤ ለንግድ ክልክል ነው» ብለው ይጽፋሉ። ቃሉ ተገቢ ይመስላል። ነገር ግን በከተሞቻችን በትርፍ ጊዜ ሠራተኛና በነጋዴ መካከል ያለው ድንበር የት ነው? አንድ የመቂ ራዲዮ ጠጋኝ ቅዳሜ ለራሱ መቆጣጠሪያውን ቢገጥም፥ ሰኞ ጎረቤቱ «ለእኔም ሥራልኝ፥ ዋጋውን እከፍላለሁ» ይለዋል። ያን ጊዜ ፈቃዱ ያበቃል፤ ገበሬውም መሣሪያውን ያጣል።

በጄኔቫ አጠገብ የሚገኘው የአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ድርጅት (ሴርን) በ2011 እ.ኤ.አ. ያወጣውና በ2020 እ.ኤ.አ. ያሻሻለው የንድፍ ፈቃድ ንግድን አይከለክልም። ከሦስቱ ዓይነቶቹ ጥብቅ የሆነው፥ ንድፉን አሻሽሎ የሚሸጥ ሰው ማሻሻያውን ለሌላው እንዲገልጽ ያስገድዳል። በ2005 እ.ኤ.አ. በኢጣልያ የተጀመረው አርዱዊኖም የሰሌዳውን ንድፍ በተመሳሳይ ውል ለቆ፥ ስሙን ግን በንግድ ምልክት አስከብሯል።

እርግጥ የቅጅ መብት ሥዕሉን እንጂ ኀሳቡን አይጠብቅም። የመሣሪያው አሠራር የሚጠበቀው በፈጠራ፥ አነስተኛ ፈጠራና ኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123/1987 ነው። ይህም አዋጅ ለንግድ ያልሆነውን ሥራ ከፓተንት ባለቤቱ መብት ውጭ አድርጎታል። እንግዲህ ለራሱ የሚሠራውን ሰው ሕጉም አስቦለታል፤ የፈቃድ ቃል ይበልጥ የሚያስፈልገው ሠርቶ ለሚያድረው ጠጋኝ ነው።

በእኛ አስተያየት ወጣቱ ነዳፊ በንድፉ ግርጌ ስሙን፥ ዓመቱንና የፈቃዱን ዓይነት ይጻፍ፤ ፈቃዱም መሸጥን የሚፈቅድና ማሻሻያን የሚያስገልጽ ይሁን። በየመሥሪያ ቤቱ ያሉ ወጣት ሹማምንትም በመንግሥት ገንዘብ የተሠራ ንድፍ ሲረከቡ ይህ ቃል መጻፉን ይመርምሩ። ንድፍ በመሳቢያ ተቆልፎ ሲቀር ለነዳፊው ክብር፥ ለገበሬውም ውሃ አይሆንም።