ደኑን ማን ቆጠረው?

ደን እየጠፋ መሆኑን ያልሰማ ሰው በመካከላችን የለም። ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ ስንማረው የመጣን ነገር ነው። ነገ ደግሞ በተራችን ጠመኔ ይዘን እናስተምረዋለን። ታዲያ አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ ስንት ሄክታር ጠፋ? ማን ቆጠረው?» ብሎ ቢጠይቀን ምን እንመልሳለን? «መጽሐፉ ይላል» ማለት መልስ አይሆንም። መምህሩ ራሱ ሊያረጋግጠው ያልቻለውን ቁጥር ተማሪው ለፈተና ይሸመድደው ይሆናል እንጂ አያምንበትም።

በዚህ ጽሑፍ ማለት የምንፈልገው አንድ ነገር ነው። ይኸውም የደን ቆጠራ ውጤቱ፣ ቆጠራው የተሠራበት ሥዕልና የአቆጣጠሩ ዘዴ ሦስቱም ለማንም ሰው ክፍት ይሁኑ የሚል ነው። ተማሪ በሒሳብ ፈተና መልሱን ብቻ ጽፎ ቢያመጣ ሙሉ ማርክ አንሰጠውም፤ «አሠራርህን አሳይ» እንለዋለን። ለትልልቅ መሥሪያ ቤቶችስ ይህ ሕግ የማይሠራበት ምክንያት ምንድን ነው?

በመጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ እንመልከት። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እንደሚታወቀው የመጀመሪያው ላንድሳት የተባለ የአሜሪካ ሳተላይት ወደ ጠፈር የተላከው በ1972 ነው። ዛሬ በሥራ ላይ ያሉት ላንድሳት 8 እና 9 እያንዳንዳቸው በ16 ቀን አንድ ጊዜ በአንድ ቦታ ላይ ያልፋሉ፤ በመሆኑም ሁለቱ ተጋግዘው ያንኑ ቦታ በየ8 ቀኑ ያነሡታል። የሥዕሉ እያንዳንዱ ነጠብጣብ 30 ሜትር በ30 ሜትር፣ ማለትም 900 ካሬ ሜትር መሬት ነው። አንድ ደንበኛ የእግር ኳስ ሜዳ 8 ያህል ነጠብጣብ ይሆናል። ለምለም ቅጠል ዓይናችን የማያየውን ኢንፍራሬድ የተባለ ብርሃን በብዛት ስለሚያንጸባርቅ፣ ደን ሲመነጠር ነጠብጣቡ መልኩን ይለውጣል። የዓምናውን ከዘንድሮው ማስተያየት ነው እንግዲህ ሥራው።

ይሁን እንጂ ሥዕሉ መኖሩ ብቻውን ለብዙ ዓመታት አልጠቀመም። አንዱ የላንድሳት 7 ሥዕል 600 ዶላር ይሸጥ ነበር። በ2008 የአሜሪካ መንግሥት ክምችቱን በነፃ ለዓለም እንደሚለቅ ወሰነ። ፍሬው ለመታየት ብዙ አልዘገየም። በ2013 የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲው ማቲው ሀንሰንና ባልደረቦቹ 654,178 የላንድሳት ሥዕሎችን በኮምፕዩተር መርምረው፣ ከ2000 እስከ 2012 ዓለማችን 2.3 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ደን እንዳጣችና 0.8 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር እንደበቀለ አሳዩ። የጠፋው ብቻ የአገራችንን ስፋት ሁለት እጥፍ ያህላል። እስቲ እናባዛው፤ እነዚያ ሥዕሎች በቀድሞው ዋጋ ቢገዙ ኖሮ ከ392 ሚሊዮን ዶላር በላይ ይጠይቁ ነበር። በዚያ ዋጋ ይህ ጥናት ባልተሠራ ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም። በ2014 ደግሞ ግሎባል ፎረስት ዎች የተባለው ድረ ገጽ ይህንን ካርታ ማንም እንዲያየውና እንዲወስደው አድርጎ አቀረበው።

መረጃው ክፍት መሆኑ ምን እንደሚፈይድ ለማየት ብራዚልን እንውሰድ። የአገሪቱ የጠፈር ምርምር ተቋም፣ በአጭሩ ኢንፔ፣ ከ1988 ጀምሮ በአማዞን የሚመነጠረውን ደን በየዓመቱ ይቆጥራል። ቆጠራው ፕሮዴስ ይባላል። ነገር ግን የዓመት ቆጠራ ብቻውን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው፤ ቁጥሩ እስኪወጣ ዛፉ ተቆርጦ፣ መሬቱ ተቃጥሎ፣ ከብት ገብቶበታል። ስለዚህ በ2004 ዴቴር የተባለ ፈጣን የማስጠንቀቂያ ዘዴ ተጨመረ። ይህም ምንጣሮው ገና እየተካሄደ ሳለ ቦታውን ለተቆጣጣሪዎች የሚጠቁም ነው። መረጃውም ለሕዝብ ይፋ ሆነ። በ2004 27,772 ካሬ ኪሎ ሜትር የነበረው የዓመት ጥፋት በ2012 ወደ 4,571 ወረደ። ሳተላይት ብቻውን ያወረደው አይደለም፤ ቅጣት ነበረ፣ አዳዲስ ጥብቅ ክልሎች ነበሩ፣ ሕግ ለተላለፈ ባለ እርሻ የባንክ ብድር መከልከልም ነበረ። ሆኖም ተቆጣጣሪው የት መሄድ እንዳለበት የነገረው ያ ሥዕል ነው።

የክፍትነት ትልቁ ፈተና ግን ቁጥሩ መልሶ ሲያሻቅብ መጣ። በ2019 የዴቴር ማስጠንቀቂያዎች ሲበዙ፣ ያን ጊዜ ፕሬዚዳንት የነበሩት ዣይር ቦልሶናሮ ቁጥሩ ሐሰት ነው አሉ። የኢንፔ ኃላፊ የነበሩት የፊዚክስ ሊቅ ሪካርዶ ጋልቫኦ ለቁጥሩ ተከራከሩ፤ በኦገስት ወር ከቦታቸው ተነሡ። ሰውየው ተነሡ እንጂ ሥዕሉን ማን ያነሣዋል? ጥሬው ሥዕል በመላው ዓለም እጅ ስለነበረ የፈለገ ሁሉ ማመሳከር ይችል ነበር። የዚያ ዓመት ፕሮዴስ ተጣርቶ ሲወጣ 10,129 ካሬ ኪሎ ሜትር ሆነ፤ ከ2008 ወዲህ ከ10,000 ያለፈው ያን ጊዜ ነው። በ2021 ደግሞ ጥፋቱ 13,038 ደረሰ። ኦክቶበር 27 የሚል ቀን ያለበት ሪፖርት ይፋ የሆነው የግላስጎው የአየር ንብረት ጉባኤ ካለቀ በኋላ፣ ኖቬምበር 18 ነበር። ዘገየ፤ ግን አልቀረም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ! በ2024 የወጣው የመጀመሪያ ግምት እንደሚያሳየው የዓመቱ ጥፋት ወደ 6,288 ወርዷል። ቁጥሩ ሲጨምር ያመነው ሰው ሲቀንስም ያምነዋል፤ የአቆጣጠሩ ዘዴ ያው ነውና።

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ወሬ ነው፣ እኛን ምን አገባን የሚል ይኖር ይሆናል። ያገባናል። የሜሪላንዱ ካርታ ዛፍ የሚለው ከ5 ሜትር በላይ የሆነውን ነው። አገራችን በ2015 ያወጣችው ትርጉም ግን ቢያንስ 2 ሜትር ቁመት፣ 0.5 ሄክታር ስፋትና 20 በመቶ ሽፋን ያለውን ደን ይለዋል፤ ቀርከሃንም ይጨምራል። እንግዲህ ሁለት ሰዎች ስለ አንድ ተራራ ቢከራከሩ፣ አንዱም ሳይዋሽ ቁጥራቸው ሊለያይ ይችላል ማለት ነው። አሠራሩ ካልታየ ይህንን በምን እናውቃለን?

ደግሞም ሳተላይት የማያውቀው ብዙ ነገር አለ። ገበሬው የተከለውን ባሕር ዛፍ ለሽያጭ ሲቆርጥ ካርታው «ደን ጠፋ» ሊል ይችላል፤ ጉቶው እንደሚያቆጠቁጥ ግን ገበሬው ያውቃል። በደቡብ ምዕራብ ትልልቆቹ የጥላ ዛፎች ቆመው ሥሩ ለቡና ቢመነጠር ካርታው «ደን አለ» ማለቱን ሊቀጥል ይችላል። በጎጃምና በጎንደር ቤተ ክርስቲያንን ከበው የቀሩት ደኖች ብዙዎቹ ጥቂት ሄክታር ብቻ ናቸው። የመጀመሪያው ዴቴር ከ25 ሄክታር በታች የሆነን ምንጣሮ በደንብ ስለማያይ፣ እንዲህ ያለ ደን ሙሉ በሙሉ ቢመታ እንኳ ያመልጠው ነበር። ከላይ የታየውን በእግሩ ሄዶ የሚያርም ሰው ያስፈልጋል። እሱ ደግሞ እዚያው የሚኖረው ሕዝብ ነው፤ በየገጠሩ የምንመደበው እኛም ነን።

መሣሪያውም ቢሆን አለ። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ያዘጋጃቸው ኦፕን ፎሪስ የተባሉ የኮምፕዩተር ፕሮግራሞች በነፃ ይገኛሉ። የተጻፉበት ቀመር ሳይቀር ለማንም ክፍት ነው፤ የገባው ሰው ከፍቶ ሊያየው፣ ለአካባቢው በሚስማማ መንገድም ሊያስተካክለው ይችላል።

በዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ እንጠብቃለን። አንደኛው «የምንመደብበት ትምህርት ቤት መብራት የለው፣ ኢንተርኔት ከየት ይምጣ?» የሚል ነው። እውነት ነው። ነገር ግን ሥዕሉ በየቀኑ መታየት የለበትም። ከከተማ አንድ ጊዜ የታተሙ ሁለት ወረቀቶች፣ አንዱ የ2000፣ ሌላው የቅርቡ፣ ለአንድ ዓመት ትምህርት ይበቃሉ። የቀረውን ተማሪዎቹ በገመድና በእርምጃ ይለኩታል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የከበደ ነው፤ «ይህ መረጃ ደሀውን ገበሬ ማሳደጃ ይሆናል» የሚል። ካርታ መሬቱ መመንጠሩን ያሳያል እንጂ ማን፣ ለምን እንደመነጠረው አያሳይም። ስለዚህ ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም። ግን እናስብ፤ ካርታው በቢሮ መሳቢያ ተቆልፎ ሲቀመጥ ከሳሹ ብቻ ያየዋል፤ ተከሳሹ በምን ይሟገታል? ክፍት ከሆነ ግን ገበሬውም «ይህ የራሴ ባሕር ዛፍ ነው፣ የተከልኩት በዚህ ዓመት ነው» ብሎ በዚያው ሥዕል ይከራከርበታል። መደበቅ ደሀውን አይጠብቀውም፤ አፉን ይዘጋበታል እንጂ።

በመሆኑም ሐሳባችን ይህ ነው። የተቋማችን የጂኦግራፊ ክበብ በዚህ መንፈቅ የአካባቢያችንን ሁለት የሳተላይት ሥዕሎች አሳትሞ ከዚህ ጋዜጣ ጎን ይለጥፍ። በየትኛው ቀን እንደተነሡና ደን የተባለው በምን መለኪያ እንደሆነ ከሥራቸው ይጻፍ። አገሩን የሚያውቅ ተማሪ፣ ጥበቃውም ጭምር፣ ልክ አይደለም የሚለውን ቦታ በእርሳስ ያክብብበት። ከዚያ እሑድ ጠዋት አብረን ሄደን እናየዋለን። ሥዕሉ ከተሳሳተ ሥዕሉን፣ ያከበበው ከተሳሳተ እሱን እናርማለን። ይህን የለመደ መምህር የትም ቢመደብ ተማሪዎቹን ቁጥር አያሸመድድም፤ ያስቆጥራቸዋል።