ሶላሩ ለፀሐይ፣ ባትሪው ለጥላ



ቤንዚን በጠፋ ቁጥር ጀሪካን ይዘን ስንንከራተት ኖረናል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ወሬው ሁሉ የባትሪ መኪና፣ የባትሪ ሞተር፣ የባትሪ ብስክሌት ሆኗል። በሰፈራችንም ብቅ ብቅ እያሉ ነው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ በተጣጣፊ ሶላር መሙላት ተጀምሯል። ነገሩ ደግ ነው። መተማ ሌላው ቢጎድላት ፀሐይ አልጎደላትም።

ይሁን እንጂ በቅድሚያ የራሴን ጥፋት ልናገር። ባለፈው ሚያዝያ ባትሪዬን ከሶላሩ ጋር ቆርቆሮ ላይ አስቀምጬ ገበያ ሄድኩ። ስመለስ ኩፍ እንዳለ ሊጥ አብጦ ጠበቀኝ። የአንድ ክረምት የሰሊጥ ድካሜ በአንድ ቀን ቀረ። ጥፋቱ የሻጩም የፀሐይዋም አይደለም፤ የኔው ነው።

የኛ አገር ሙቀት በበጋው መጨረሻ በጥላም 40 ዲግሪን ያልፋል። የሊቲየም ባትሪ ደግሞ ከ45 ዲግሪ በላይ ከጋለ መሞላት የለበትም። ያበጠ ባትሪ ሊቃጠል ይችላል። ስለዚህ ያበጠውን ዳግመኛ አትሙሉት። ልጆች በተኙበት ክፍልም ባትሪ አትሙሉ፤ ብስክሌት ይተካል፣ ልጅ ግን አይተካም።

ሁለተኛው ነገር ሂሳቡ ነው። ባለ 48 ቮልት፣ 20 አምፔር ሰዓት ባትሪ 960 ዋት ሰዓት ይይዛል። 100 ዋት ሶላር በአምስት ሰዓት ጥሩ ፀሐይ በወረቀት 500 ይሰጣል፤ ሙቀቱና ሽቦው ሲቀንሱለት 400 ቢገኝ ነው። እንግዲህ ባዶ ባትሪ ለመሙላት ከሁለት ቀን በላይ ሊፈጅ ነው። በአንድ ቀን ይሙላ ካልን 300 ዋት ያህል ያስፈልጋል። ደግሞም 100 ዋቱ ሶላር ብዙውን ጊዜ 18 ቮልት ገደማ ነው የሚሰጠው፤ በቀጥታ ቢያገናኙት 48 ቮልቱን ባትሪ አይሞላም። ቮልቱን ከፍ የሚያደርግና ሲሞላ የሚያቆም፣ ለባትሪው ዓይነት የተሠራ መቆጣጠሪያ መሀል መግባት አለበት። ይህን ሳይጠይቁ ሶላር መግዛት ምን ዋጋ አለው?

ሶላሩም ቢሆን በጋለ ቁጥር ጉልበቱ ይደክማል። ከቆርቆሮው አንድ ስንዝር ከፍ አድርጋችሁ ነፋስ እንዲገባው አድርጉ። አቧራውን ጠዋት ሳይግል በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ። የዛፍ ጥላ አይንካው።

ታዲያ ይህን ሁሉ እያንዳንዱ ቤት ለብቻው ከሚችለው፣ በማኅበሩ ግቢ አንድ ዳስ ብንሠራስ? ሶላሩ ከላይ፣ ባትሪው ከሥር በጥላ፣ ተረኛ ጠባቂም ይኖረዋል። ለሠርግና ለለቅሶ ዳስ መጣል የሚያውቅ ሰፈር ለዚህ አያንስም። በመሆኑም በሚቀጥለው ስብሰባ ሐሳባችሁን ይዛችሁ እንድትመጡ ማኅበሩ በትሕትና ያሳስባል።

ሶላሩ ለፀሐይ፣ ባትሪው ለጥላ!

የማኅበሩ ጸሐፊ