ላሚኔት ከማስደረጋችሁ በፊት

የአያቴን የ1948 ዓ.ም. የቅጥር ደብዳቤ ላሚኔት ያስደረግኩት እኔ ነኝ። በታይፕ የተመታ፣ ሐምራዊ ማኅተም ያረፈበት አንድ ገጽ ነው። «በቃ፣ ከእንግዲህ ምንም አይነካውም» ብዬ ነበር። ባለፈው ሳምንት ሳወጣው ፕላስቲኩ አሁንም ያብለጨልጫል፤ ወረቀቱ ግን ሻይ የተደፋበት መስሏል፣ እጥፋቱም ላይ ተሰነጣጥቋል።

ምን ነካው? ጠላቱ ከውጭ አልመጣም፤ አብሮ ታሽጎ ነበር። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ አብዛኛው ወረቀት የሚሠራው ከእንጨት ነው። ቀለም እንዳይሰርግበት ለረጅም ጊዜ አሉም የሚባል ጨው ይጨመርበት ነበር፤ ይህም አሲድ ይፈጥራል። አሲዱ ወረቀቱን የያዘውን የሴሉሎስ ሰንሰለት ቀስ በቀስ ይበጥሳል። ላሚኔት ደግሞ አሲዱን ከነወረቀቱ ቆልፎ ያስቀምጠዋል።

ስለዚህ ነገሩ እንደምናስበው አይደለም። ብራና ላይ የተጻፉት የአባ ገሪማ ወንጌላት ከ1,300 ዓመት በላይ ቆይተዋል። በ1917 ዓ.ም. የጀመረው «ብርሃንና ሰላም» እና በ1933 ዓ.ም. የጀመረው «አዲስ ዘመን» ግን የታተሙት በወረቀት ላይ ነው። የጋዜጣ ወረቀት ደግሞ ቶሎ ከሚያረጁት አንዱ ነው። ከጥንቱ ታሪካችን ይልቅ የቅርቡ ቀድሞ ሊያልቅብን ይችላል ማለት ነው።

መድኃኒቱን ሁላችንም እናውቀዋለን፦ ኖራ። ጨጓራ ሲያቃጥለን የምንውጠው ኪኒን አሲድን እንደሚያበርድ ሁሉ ኖራም የወረቀትን አሲድ ያበርዳል። ችግሩ ኖራን በውኃ ማስገባቱ ነው፤ ወረቀቱ ያብጣል፣ ቀለሙ ይፈስሳል። እዚህ ላይ ነው ናኖቴክኖሎጂ የሚመጣው። ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። የጣሊያኗ ፍሎረንስ እ.ኤ.አ. በ1966 በጎርፍ ተጥለቅልቃ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቷ ጭምር ጭቃ ገብቶበት ነበር። በከተማዋ ዩኒቨርሲቲ እነ ፒዬሮ ባልዮኒ በናኖሜትር የሚለካ የኖራ ቅንጣት በአልኮል ውስጥ በትነው፣ መጀመሪያ ለግድግዳ ሥዕል ቀጥሎም ለወረቀት አዋሉት። አልኮሉ ይተናል፤ ቅንጣቶቹ በክሮቹ መካከል ገብተው ይቀራሉ። የተረፈው ኖራ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወስዶ ካልሲየም ካርቦኔት ይሆናል፤ ወደፊት ለሚመጣ አሲድም መጠባበቂያ ሆኖ ይቆያል።

ተአምር ግን አይደለም። ጥፋቱን ያዘገየዋል እንጂ የተበጠሰውን ሰንሰለት አይቀጥልም። እንደ አያቴ ደብዳቤ ማኅተም ወይም የእስክሪብቶ ጽሑፍ ያለበት ወረቀት ላይ አልኮሉ ራሱ ቀለሙን ሊያፈስሰው ስለሚችል፣ ባለሙያ መጀመሪያ በትንሹ መሞከር አለበት።

«ታዲያ ስካን አድርገን ብንጨርስስ?» ትሉ ይሆናል። ስካን ይደረግ፤ ጽሑፉን ያድናል። ነገር ግን ኤአይ በደቂቃ የድሮ ደብዳቤ አስመስሎ በሚሠራበት በዚህ ዘመን፣ «ይሄ እውነት ነው?» ለሚል ሰው የሚቀርበው ማስረጃ ወረቀቱ፣ ቀለሙና ማኅተሙ ነው። ዋናው ከጠፋ ፎቶው ከምን ጋር ይመሳከራል?

ስለዚህ ስለ ዲጂታል ኢትዮጵያ ስናወራ፣ ከስካነሩ ጎን ለወረቀቱም በጀት ይያዝለት ባይ ነኝ። በወመዘክርም ሆነ በየመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ቤት ያለው የ20ኛው ክፍለ ዘመን ወረቀት የአሲድ መጠኑ ይለካ፤ ባለሙያ ይሠልጥን፤ ገና ያልተሰባበረው ቀድሞ ይታከም። ከተሰባበረ በኋላ የሚመጣ ናኖ ብዙም አይጠቅመውም።

እናንተስ ቤት? ጥርት አድርጋችሁ ፎቶ አንሱት። ስኮችና ስቴፕለር አታስነኩት። ከፀሐይና ከእርጥበት አርቃችሁ አሲድ በሌለው ፎልደር አስቀምጡት። ላሚኔት ግን አታስደርጉት። የአያቴን ደብዳቤ አሁን ከፕላስቲኩ ልላቅቀው ብል ቀለሙም አብሮ ይነሳል ብዬ ስለፈራሁ፣ እንዳለ መሳቢያ ውስጥ መልሼዋለሁ።