የማን ስም ነው?

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የኮምፒዩተር ፕሮሰሰርን ስም ግን የሚያወጣው ኩባንያ ስለ ሆነ ጣጣው ለተማሪው ተረፈ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዴቢያን የተባለውን ነጻ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ለመጫን የሚሻ ጓደኛችን፥ ከሰው በተዋሰው ፍላሽ ላይ «ኤኤምዲ64» እና «አይ386» የሚሉ ሁለት ፋይሎች ያገኛል። ላፕቶፑ የኢንቴል ነው። እንግዲህ የኤኤምዲው ለእኔ አይሆንም፥ «አይ» ያው ኢንቴል ማለት ነው ብሎ ሁለተኛውን ይጭናል። ማሽኑም ይነሣለታል፤ ክፋቱም ይኸው ነው፤ ስሕተቱ አይታወቅም። የተጫነው የ32 ቢቱ ስለ ሆነ፥ ላፕቶፑ 16 ጊጋባይት ማስታወሻ ቢኖረውም አንዱ ፕሮግራም ብቻውን ከ4 ጊጋባይት በላይ ሊይዝ አይችልም። ለእርሱ የሚሆነው የተወው ፋይል ነበር።

ለመሆኑ በኢንቴል ማሽን ላይ የተወዳዳሪው ስም ምን አመጣው? ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2001 ኢታኒየም የተባለውን የ64 ቢት ፕሮሰሰር ሲያወጣ፥ ከቀድሞው ፈጽሞ የተለየ የትእዛዝ ስብስብ ይዞ መጣ። ኤኤምዲ ግን የቀድሞውን ስብስብ አስፍቶ፥ የድሮው ፕሮግራም እንዳለ እንዲሠራ አድርጎ በ2003 ኦፕቴሮንን አቀረበ። ገበያው ወደዚህ አደላ፤ ኢንቴልም በ2004 ይህንኑ መንገድ ተከተለ። ስለዚህ ስሙ ለፈልሳፊው የተከፈለ ምስጋና ነው፤ እኛም አንነፍገውም።

ይሁን እንጂ ስሙ አንድ ሆኖ አልጸናም። ፌዶራ «ኤክስ86-64» ይለዋል፤ ማይክሮሶፍት ደግሞ «ኤክስ64»። ዴቢያን በተጫነበት በዚያው ማሽን ላይ እንኳ ከርነሉ ሲጠየቅ «ኤክስ86-64» ሲል፥ ፕሮግራም ጫኙ «ኤኤምዲ64» ይላል። የክርስትና ስምና የዓለም ስም መሆኑ ነው፤ ልዩነቱ ሁለቱንም የሚያውቅ የክርስትና አባት አለመኖሩ።

አንዳንድ ጓደኞቻችን የኩባንያ ስም ጨርሶ ይፋቅ ይላሉ። በዚህ አንስማማም። ስሙ በብዙ ሺህ ፕሮግራሞች ውስጥ ተጽፏል፤ ቢነቅሉት ብዙ ነገር ይዞ ይወጣል። «አይ386»ን እንይ፤ ስሙን የሰጠው ፕሮሰሰር የወጣው በ1985 ነው፤ የሊኑክስ ከርነል ይህን ፕሮሰሰር መደገፉን በ2013 በወጣው 3.8 እትሙ ተወ። ስሙ ግን ከዚያ በኋላም በፋይሎቹ ላይ ቀረ። ባለ ስሙ ከቤት ከተባረረ በኋላ ስሙ በበሩ ላይ ተለጥፎ መኖሩ ያስቃል።

እኛ የምንጠይቀው ከዚህ ያነሰ ነው። የዴቢያን ገጽ ከስሙ አጠገብ «64 ቢት ፒሲ» ብሎ ያብራራል፤ በእኛ ዘንድ ግን ፋይሉ ከእጅ ወደ እጅ በፍላሽ ሲተላለፍ ማብራሪያው በመንገድ ይቀራል። እንግዲህ የሚያካፍል ሁሉ ፎልደሩን «64 ቢት፥ ለኢንቴልም ለኤኤምዲም» ብሎ ይሰይምልን። የላቦራቶሪ መምህራኖቻችንም ይህንኑ አንድ መስመር በሚያድሉት ፍላሽ ላይ እንዲጽፉልን በአክብሮት እንለምናለን።