ድልድይና ጠባቂው

አዲስ ድልድይ በሚመረቅበት ቀን ሹማምንት ይሰበሰባሉ፤ ንግግር ይደረጋል፤ ሕዝቡም እልል ይላል። ድልድዩ ባረጀ ጊዜ ግን ዝገቱን ማን እንደሚያስወግድለት የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። ይህ ቸልታ የድኾች አገሮች ብቻ የሚመስለው ሰው ቢኖር፥ በእንግሊዝ አገር በሎንዶን ከተማ በቴምስ ወንዝ ላይ ያለውን የሐመርስሚዝን ድልድይ ይመልከት። (የዚህን ድልድይ ታሪክ ስንናገር የምንጠቅሳቸው ዘመኖች በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በዚያ ስፍራ የመጀመሪያው ድልድይ የተከፈተው በ1827 ሲሆን፥ በቴምስ ላይ በሰንሰለት ተንጠልጥሎ ከተሠሩት ድልድዮች ሁሉ ቀዳሚው እርሱ ነበር። በ1870 የጀልባ እሽቅድምድም ለማየት ከ11,000 የማያንስ ሕዝብ በላዩ ቢሰበሰብበት ባለቤቶቹ ደነገጡ። ከዚህም በኋላ የሎንዶንን የቆሻሻ ውሃ መውረጃ ያሠራው ስመ ጥሩው መሐንዲስ ሰር ጆሴፍ ባዛልጌት በቀድሞው መሠረት ላይ አሁን ያለውን ድልድይ ሠርቶ በ1887 ተከፈተ። በ1939፥ በ1996 እና በ2000 በቦምብ ሊያፈርሱት የተነሡ ሰዎች ነበሩ፤ ድልድዩ ግን አልወደቀም።

ቦምብ ያልጣለውን ዝገት አሰነከለው። ነገሩም እንዲህ ነው። የብረት ሰንሰለት በሙቀት ይረዝማል፥ በብርድ ያጥራል። ስለዚህ ሰንሰለቱ በሚያርፍበት ስፍራ ወዲያና ወዲህ እንዲንሸራተት ማንቀሳቀሻ ተደርጎለት ነበር። ይህ ማንቀሳቀሻ በዝገት ደርቆ አልላወስ ስላለ፥ የሰንሰለቱ ኃይል ሁሉ ከበታቹ ባለው መቆሚያ ላይ ወደቀ። መቆሚያውም ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት ነው፤ እንዲህ ያለው ብረት ከላይ የሚጫነውን ይችላል እንጂ መጎተትን አይችልም፤ ሳይለምጥም ይሰነጠቃል። የደብር አስተዳዳሪ የሆነ ሁሉ ይህን ነገር በሌላ መልኩ ያውቀዋል፤ በበጋ ያልተጠገነ የቤተ ክርስቲያን ክዳን በክረምት ግድግዳውን ይዞ ይወርዳልና።

ስንጥቁ በተገኘ ጊዜ በአፕሪል 2019 ድልድዩ ለመኪና ተዘጋ። በኦገስት 2020 ብርቱ ሙቀት ሆኖ ስንጥቁ ስለ ሰፋ እግረኛም ከላዩ፥ ጀልባም ከሥሩ እንዳያልፍ ተከለከለ። በ2021 መቆሚያዎቹን የሚያቀዘቅዝ መሣሪያ ተበጅቶ እግረኛ እንዲሻገር ተፈቀደ፤ አውቶቡስ ግን አልተመለሰም። ከወንዙ በስተደቡብ በባርንስ የሚኖር ሕመምተኛ በማዶ ወዳለው ወደ ቻሪንግ ክሮስ ሐኪም ቤት በመኪና ለመሄድ ሲፈልግ፥ በፐትኒ ወይም በቺዚክ ድልድይ መዞር አለበት።

ይህ ሁሉ የሆነው ዕውቀት ጠፍቶ አይደለም። ድልድዩ ሲሠራ ንብረትነቱ የመላው ከተማ ነበር። የታላቋ ሎንዶን ምክር ቤት በ1986 ሲፈርስ ግን ሸክሙ በአንድ ወረዳ ማዘጋጃ ቤት ላይ ወደቀ። ከተማው ሁሉ የሚሻገርበትን አንድ ወረዳ ይጠግነው ማለት፥ ለእኛ እንደሚመስለን፥ ፍርድ አይደለም። በ2021 ወጪውን መንግሥቱ፥ የከተማው መጓጓዣ መሥሪያ ቤትና ወረዳው በሦስት እንዲካፈሉት ተስማምተው ነበር፤ የጥገናው ግምት ግን እያደገ 250 ሚሊዮን ፓውንድ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤ መጻጻፍ ሆነ።

አንዳንዶች ቅርስ ነውና ምንም ያህል ቢፈጅ እንደ ጥንቱ ይታደስ ይላሉ፤ ሌሎች ለእግረኛ ብቻ ይተው ይላሉ። እኛ ከሁለቱ አንዱ ቢፈጸም አንነቅፍም። የምንነቅፈው ሳይወስኑ መቆየትን ነው፤ በቆየ ቁጥር ዋጋው ይጨምራልና፥ ሕዝቡም ልጁን የት እንደሚያስተምር፥ ሱቁን የት እንደሚከፍት አያውቅም። ገንዘቡ በተቆረጠ ጊዜ ካልተገኘ፥ ድልድዩ የእግረኛና የብስክሌት መሆኑን በግልጽ ያውጁ፤ ለደካሞችም ቀላል ተሽከርካሪ ያቁሙ። ይህ ለድልድዩ ውርደት አይሆንም። በአገራችን ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ አጠገብ በ17ኛው መቶ ዓመት በድንጋይና በኖራ የተሠራው የአላታ ድልድይ እግረኛን በማሻገሩ ክብሩ አልቀነሰም።

ወደ እኛም ስንመለስ፥ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. በባሕር ዳር 380 ሜትር የሚረዝም አዲስ የዓባይ ድልድይ ተመርቋል። የመንገድ ሥራ ሹማምንት ለዚህም ሆነ በየከተማው ላሉት አሮጌ ድልድዮች የምንለምናቸው አንድ ነገር አለ። ለእያንዳንዱ ድልድይ መዝገብ ይከፈት፤ መርማሪው ስሙንና የመረመረበትን ቀን፥ ያየውንም ዝገትና ስንጥቅ ይጻፍበት፤ የጥገናውም ገንዘብ ከየትኛው መሥሪያ ቤት በጀት እንደሚወጣ በመዝገቡ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ይታወቅ።